ሦስተኛዋ የደም ሥር

ዱባይ ሰው ቤት የምትሠራው ልጄ ሰሞኑን በስልኬ አንድ ፎቶ ላከችልኝ። የአሠሪዎቿ ውሻ አንገቱ ላይ ዕጢ በቅሎበት፣ ሐኪሞቹ ከመቁረጣቸው በፊት የደም ሥሮቹን በመሣሪያ ፎቶ አንስተዋቸዋል። ጥቁር መደብ ላይ እንደ ዛፍ ሥር የተበታተነ ነጭ መስመር ነው። «እማዬ፣ አንዱ ጥግ ደብዝዞብናል ብለው እንደገና ሊያነሱት ነው። ለውሻ ይህ ሁሉ!» ብላ ሳቀች። እኔ ግን ስልኩን ዘግቼ ፎቶውን ደግሜ አየሁት።

ያደግሁት ከአንበሳሜ ፈንጠር ብላ ባለች መንደር ነው። ያኔ አሥራ አምስት ዓመቴ ነበር፤ የገብስ እሸት ደርሶ፣ ሰው ሁሉ እየጠበሰ ከንፈሩን የሚያጠቁርበት ወቅት። ማንይንካው የሚባል ውሻ ነበረን። ጅብ በረታችንን የማይደፍረው እሱን ፈርቶ ነው። ታዲያ ጆሮው ላይ ሽንብራ የምታህል እብጠት ወጣችና ክረምቱን ከርማ እንቁላል አከለች። አባቴ «ማጭድ አግዬ እተኩሰዋለሁ» አሉ። የጎረቤታችንን ውሻ እንዲሁ ተኩሰውት፣ ደሙ አልቆም ብሎ ባለቤቶቹ ደጃፍ ላይ ሲሞት አይቻለሁ።

በዚያው ሰሞን አንድ ወጣት የከብት ሐኪም ከደብረ ታቦር ሊከትብ መጣ። «ጋሼ፣ በእመቤቴ!» ብዬ እግሩ ላይ ወደቅሁ።

«እኔ የተላክሁት ለበሬ ነው፤ ውሻ አከመ ተብሎ ይሳቅብኝ?» አለና እብጠቷን ዳሰሰ። ወዲያው ፊቱ ተለወጠ። «ከሥሯ ደም ሲመታ ይሰማኛል። መንገዱን ሳያዩ መቁረጥ መግደል ነው። ባትሪ አላችሁ?»

ጓዳ ገብተን እንዲጨልም በሩን በጋቢ ጋረድነው። አባቴ የማንይንካውን አፍ በጠፍር አስረው ያዙት። ሐኪሙ ባትሪውን ከጆሮው ጀርባ ሲያበራው፣ ጆሮው ፍም መሰለ፤ የደም ሥሮቹ እንደ ጌሾ ቅጠል መስመር ወለል ብለው ታዩ።

«እታለም፣ እስክርቢቶ አምጪ። የእኔ እጆች ተይዘዋል፤ የምታዪውን እዚሁ ጆሮው ላይ አስምሪ።»

ፊደል የቆጠርሁት ከወንድሜ ደብተር ተደብቄ ነው፤ እስክርቢቶም የእሱ ነበር። ማንይንካው ያጉረመርማል። አንዷን አሰመርሁ። ሁለተኛዋንም። ሦስተኛዋ ላይ ስደርስ የባትሪው ድንጋይ ደከመና ፍሙ ጠፋ።

«ሦስተኛዋን አየሻት?»

አላየሁም ብል ትቶን ይሄዳል፤ አባቴም ማጭዱን እሳት ውስጥ ይከታሉ። «አዎ» አልሁና በግምት አሰመርሁ።

ደጅ አውጥተን ማደንዘዣ ወጋው። መስመሬን እየተከተለ ሥሮቹን በክር ቋጠረና እብጠቷን ከጆሮው ግማሽ ጋር ቆረጠ። ሁለቱ ሥሮች ጸጥ አሉ። በሦስተኛዋ በኩል ደሙ ፊቴ ላይ ተረጨ። «በስመ አብ!» አሉ አባቴ። ሐኪሙ በአውራ ጣቱ ተጭኖ ስንት ጊዜ እንደቆየ እንጃ፤ እኔ የማንይንካውን ትንፋሽ እቆጥር ነበር። ቀጠነ፤ ቀጠነ፤ ቆመ ስል ደግሞ ተመለሰ።

በስንት መከራ ደሙ ሲገታ፣ ሐኪሙ እጁን እየታጠበ ወደ እኔ ዘንበል አለ። «ሦስተኛዋ ጣት ያህል ወዲህ ነበረች» አለኝ። አባቴ ግን «ልጄ ናት ያዳነችው!» እያሉ ለመንደሩ ሁሉ አወሩ። በተመሰገንሁ ቁጥር እንስራዬን አንስቼ ውኃ ልቀዳ እወጣ ነበር።

ማንይንካው በአንድ ተኩል ጆሮ ብዙ ዓመት በረታችንን ጠበቀ። ስጠራው ያችን የተቆረጠች ጆሮውን ቀና ያደርግልኛል፤ እኔም ወደ መሬት አያለሁ።

ለልጄ መልሼ ደወልሁላት። «አትሳቂባቸው» አልኋት። «አላየንም ማለት የቻሉ ሰዎች ናቸው። ይድገሙት።»