አያ ቦይ የደፈነው ቦይ

አያ ቦይ የሚሉት ሥራው ቦይ መጥረግ ስለሆነ ብቻ አይደለም። የቆመ ውሃ ካየ እንቅልፍ አይወስደውም። ሠርግ ተጠርቶ ሄዶ፣ ከነሙሉ ልብሱ የአዳራሹን የተደፈነ ማፍሰሻ ሲቆፍር የተገኘ ሰው ነው። ልብስ ሰፊዋ ሚስቱማ፣ “እኔን ያጨኝ ደጃችንን ጎርፍ ይዞት ስላየ ነው” ትላለች። እስካሁን ያስተባበላት የለም፤ እሱም ጭምር።

እትዬ የሚላት ታላቅ እህቱ የምትኖረው ከከተማው ዳር፣ ረግረጉ አጠገብ ነው። አፈሩ ድሃ ነው፤ ሣር እንኳ በቅጡ አያወጣም። ግን እንደ ስፖንጅ ውሃ በጠጣው መሬት ላይ፣ ፀሐይ እንደልብ በሚያገኘው በኩል፣ አንዲት ደቃቃ ቀይ ተክል ትበቅላለች። ቅጠሏ ጸጉራም ነው፤ በየጸጉሩ ጫፍ ጤዛ የሚመስል ሙጫ ተንጠልጥሏል። ትንኝ ውሃ መስሎት ያርፋል፣ በዚያው ይቀራል፤ ቅጠሉም ቀስ ብሎ ይጠቀለልበታል። አፈሩ የነፈጋትን ከሚበርረው ታገኛለች።

እትዬ እነዚህን ተክሎች “ምራቶቼ” ትላቸዋለች፤ ወንድ ልጅ ሳይኖራት። “እንግዳ በማር ይቀበላሉ፤ መሸኘት ግን አያውቁበትም!” ባሏ ከሞተ ወዲህ ከልቧ የሳቀችው መቀመጫ ዱካዋን ይዛ ወርዳ እነሱን ስታይ ነው።

ታዲያ አንድ ቀን አዳለጣትና ጭቃው ላይ ዘጭ አለች። አያ ቦይ ይህን ሲሰማ አካፋውን አንስቶ ከተፍ! “እኔ እያለሁ እህቴ ጭቃ ላይ አትወድቅም” ብሎ፣ ከረግረጉ ሥር እስከ ወንዙ ቦይ ቀደደ። እንዲያ ያማረ ቦይ በዕድሜው ቆፍሮ አያውቅም።

ብዙም ሳይቆይ ምራቶቹ ጤዛቸውን ጣሉ። ጸጉራቸው ደረቀ፤ ትንኙ አርፎባቸው፣ ተዝናንቶ በሰላም ይሄዳል።

“ርቧቸው ነው” አለ አያ ቦይ። በቆቡ ዝንብ እያሳደደ፣ በሚስቱ ወረንጦ እየያዘ ቅጠሉ ላይ ያኖርላቸው ጀመር። ዝንቦቹ ተንከባለው ይወድቃሉ።

እትዬ መውረዱን ተወችው። “አንዴ አስታምሜ ቀብሬያለሁ” አለችው። “ሌላ ሲሞት ቁጭ ብዬ አላይም።”

ነገሩ አንጀቱን በላው። በማግስቱ ብቻውን ወርዶ ሲመለስ፣ እንደ ልማዱ ደጃፏ ላይ ጫማውን ሊጠርግ ጎንበስ አለ። ምን ይጠረጋል? ከረግረግ የመጣ ጫማ ጠብታ ጭቃ የለበትም!

“እትዬ!”

“ምነው፣ ምን ሆንክ?”

“እኔው ነኝ የፈጀኋቸው። ውሃቸውን ወስጄ ወንዝ ከተትኩት።”

አየት አደረገችው። “ቅንድብ እኩላለሁ ብሎ ዓይን አጠፋ አሉ። በል፣ አካፋህ የታለ?”

ቦዩን ሲደፍን ጎረቤቱ ግልብጥ ብሎ ወጣ። ሚስቱም መቀሷ አንገቷ ላይ እንደተንጠለጠለ ደረሰች።

“ኧረ እዩልኝ! የኔ ሰውዬ ውሃ ሲያቆም!”

“አፍሽን ያዥና አፈሩን አቀብይኝ።”

“ይህን ያኔ እኛ ደጅ ብታደርገው ኖሮ እስካሁን ቆሜ ቀርቼ ነበር!”

ለእህቱ እግር ከበሯ ጀምሮ ሳንቃ አነጠፈላት። ዝናቡ መጣ፤ ውሃውም ወደ ቀድሞ መኝታው ተመለሰ። እትዬ እንደገና ዱካዋን ይዛ መውረድ ጀመረች፤ ግን ዝም ብላ ነው የምታየው።

አንድ ጠዋት አያ ቦይ ሊጠይቃት መጥቶ ደጇ ሲደርስ፣ ድምጿ ከታች ተሰማ። “ና! ቶሎ ና! ትንሿ ምራቴ እንግዳ ይዛለች!”

አያ ቦይ እየሮጠ ወርዶ ሳንቃውን ሳተውና እስከ ጉልበቱ ሰመጠ። እግሩን ጎትቶ ሲያወጣ ባዶውን ወጣ።

እትዬ ሆዷን ይዛ ሳቀች። “ጫማህስ?”

“ተይው” አለ ፊቱ በርቶ። “እሱም እንግዳ ነው፤ መች ይሸኙታል!”