ከደንቡ ያስቀረኋት መስመር

ይህን ለማንም ተናግሬ አላውቅም። ለነፍስ አባቴ ቁጣዬንም ስስቴንም ስናዘዝ ኖሬያለሁ፤ ይህችን ግን ሁልጊዜ ምላሴ ሥር ደብቄ ተመልሻለሁ። ለባለቤቴም ሳልነግራት ሞተች። አሁን ለእናንተ የምናገረው ደፋር ሆኜ አይደለም፤ መሸከሙ ስላቃተኝ ነው።

መንደራችን ከየካ ሚካኤል በላይ፣ ወደ እንጦጦ በሚወጣው አቀበት ላይ ናት። ትንሽ ናት፤ ግን ደንቧን የምታወጣው ራሷ ናት። በእድራችን ስብሰባ እጅ አውጥተን ያጸደቅነውን ወረዳም አይነካብንም። እኔ የእድሩ ጸሐፊ ነበርኩ። ከመዝገብ ቤት ሠራተኛነት ጡረታ የወጣሁ ሰው ስለሆንኩ የጽሑፉን ነገር ለእኔ ትተውት ነበር። የድንኳኑ ማስቀመጫ ቁልፍም የሚቀመጠው እኔ ዘንድ ነበር።

ዘነበች ከእኔ ቤት ከፍ ብላ የምትኖር ጎረቤቴ ናት። አንድ እሑድ ስብሰባ ላይ ተነሥታ፣ «ጋሼ፣ አጥርዎ እኮ መንገዳችንን በላው! በሽተኛ ተሸክመን በየት እንውረድ?» አለችኝ። ሰው ሳቀ። እውነቷን ነበር፤ አጥሬን ሁለት ክንድ ገፍቼ ነበር። ጉባኤው አጥሩን ወደ ቦታው መልስ አለኝ፤ መለስኩ። ያ ሳቅ ግን ጆሮዬ ውስጥ ቀረ። ሽበታም ሰውዬ እንደ ሕፃን አኮረፍኩ።

ከጥቂት ወራት በኋላ አዲስ ደንብ ወጣ፦ ሦስት ቀብር የቀረ ሰው ከእድሩ ይሰረዛል። ዘነበች ያኔም ተነሣች። ባሏ ለማ ግማሽ ጎኑ አልታዘዝ ብሎት አልጋ ላይ ስለዋለ ከአጠገቡ መራቅ አትችልም ነበር። «አስታማሚስ ምን ይሁን?» ብላ ጠየቀች። ተመካከርንና በሽተኛ የሚያስታምም ሰው ይህ ደንብ አይመለከተውም ተባለ። እጅ ወጣ። እኔም እጄን አወጣሁ፤ በማስታወሻ ደብተሬም ጻፍኩት።

ከዚያ ቤቴ ገብቼ ደንቡን በንጹሕ ወረቀት ስገለብጥ ያችን መስመር ተውኳት። ረስቼ ነው ብል ደስ ባለኝ፤ አልረሳሁም። ደብተሩን አየሁ፣ ደግሜ አየሁና ወደሚቀጥለው አንቀጽ አለፍኩ። እኔ ነኝ ያደረግኩት፤ ማንም አላዘዘኝም። በቀጣዩ ስብሰባ ሰው ሁሉ ሳያነብ ፈረመ። ዘነበችም አውራ ጣቷን ቀለም አስነክታ አተመች። ወረቀቱን የያዝኩላት እኔ ነበርኩ።

ሦስት ቀብር ቀረች። ስሟ ለስረዛ ሲቀርብ፣ «አስታማሚን አይመለከትም ተባብለን አልነበረም እንዴ?» አለች። አንዳንዱም «ተብሎ ነበር መሰለኝ» እያለ ተንሾካሾከ። የእድሩ ዳኛ ወደ እኔ ዞረው «እስቲ ያንብቡልን» አሉኝ። አነበብኩ። «ሐሳቡ ተነሥቶ ነበር፣ አልጸደቀም» የሚል ውሸትም ጨመርኩበት። እጁን ያወጣ ሰው ሁሉ የገዛ ትዝታውን ትቶ የእኔን ወረቀት አመነ። እሷም፣ «እንግዲህ እሳቸው የተማሩ ናቸው፣ እኔ ተሳስቼ ይሆናል» ብላ ተቀመጠች። ብትሰድበኝ ይሻለኝ ነበር።

ለማ በክረምት ሞተ። ጡሩንባ አልተነፋም፤ ድንኳን አልተተከለም። ለቅሶ የደረሱት ጥቂት ጎረቤቶች ዛፍ ላይ በታሰረ ላስቲክ ሥር ተጠጋግተው ዝናብ ሲወርድባቸው፣ እኔ በረንዳዬ ላይ ቆሜ አየሁ። ቁልፉ ኪሴ ውስጥ ነበር። መሄድ አልችልም ነበር? ስንት እርምጃ ነው? ደንብ ነው አልኩ ለራሴ። የማን ደንብ? መንደሩ ያወጣውን ደንብ እኔ ብቻዬን ቤቴ ተቀምጬ ሽሬዋለሁ።

አምና ባለቤቴ አረፈች። ድንኳኑ ተተከለ፤ ሰው ግጥም ብሎ መጣ። ከቀብሩ በኋላ በእኔ ቦታ የተተካው አዲሱ ጸሐፊ ስም ሲጠራ አባሉ ሁሉ በየተራ «አቤት» አለ። የዘነበች ስም አልተጠራም። እሷ ግን ከሁሉም ቀርባ፣ መቃብሩ አጠገብ ቆማ ታለቅስ ነበር። ሦስቱንም ቀን ቤቴ ውላ ሳህን አጠበች። በመጨረሻው ቀን ልትሄድ ስትል፣ «አይዞዎት ጋሼ፣ ብቻ መቅረትን እኔ አውቀዋለሁ» አለችኝ። ልነግራት አፌን ከፈትኩና «እግዜር ይስጥሽ» ብዬ ዘጋሁት።

ስሞት ድንኳን እንዳይተከልልኝ ልናዘዝ አስቤ ነበር። ይህም ማምለጫ ነው፤ ከሞትኩ በኋላ ምን አፍራለሁ? የድሮው ደብተሬ አለ፤ ያች መስመር በራሴ እጅ ጽሑፍ እዚያው አለች። የፊታችን እሑድ ስብሰባ ላይ ይዤው እገባለሁ። አባል ያልሆነ ሰው አይገባምና፣ መጀመሪያ ዘነበች እንድትጠራ እጠይቃለሁ። እሷ ገብታ ሳትቀመጥ አላነብም። ከዚያ በኋላ ይሳቁብኝ፣ ይሰርዙኝም። ይቅርታ የምጠይቀው እሷን ነው፤ ብትከለክለኝም እውነቷን ነው።