የዘቢባ ክኒን

ስለ ዘቢባ ሲነሳ ሰው የሚያውቀው ደም የሰጠኋት መሆኔን ነው። ከዚያ በፊት ያደረግሁትን ግን ይኸው እስከ ዛሬ ከአፌ አውጥቼው አላውቅም። አንባቢ ሆይ፣ ልታዝንልኝ አትቸኩል። መጀመሪያ ስማኝ።

ከሦስት ዓመት በፊት በላቸው ለሚባል ነጋዴ ግጥም እጽፍ ነበር። ሰውዬው ቃሊቲ በተከራየው ክፍል ውስጥ በሶ፣ ስኳርና ብርቱካናማ ቀለም በሳፋ ቀላቅሎ፣ በላስቲክ አሽጎ «የቫይታሚን ዱቄት» እያለ ይሸጥ ነበር። እጁን እስከ ክርኑ ነክሮ ሲያማስል ላቡ ሳፋው ውስጥ ሲንጠባጠብ አይቻለሁ። አይቼም ዝም ብያለሁ። የኔ ሥራ ግጥሙን ጽፌ በድምፄ መቅረጽ ነበር፤ እሱ ሳሪስ አቦና ቱሉ ዲምቱ ታክሲ ተራ ላይ በሜጋፎን ቀኑን ሙሉ ያስጮኸዋል።

«አንተ ገጣሚ፣ የቫይታሚኖቹን ስም ደርድርልኝ» አለኝ አንድ ቀን። «ሰው ያልገባውን ስም ያከብራል።»

ስሞቹን ፍለጋ ጤና ጣቢያ ሄድኩ። የነፍሰ ጡሮች መከታተያ ክፍል በር ላይ ከተለጠፈው ወረቀት ቫይታሚን ኤ፣ ዚንክ፣ አዮዲን፣ ፎሊክ አሲድ እያልኩ ገለበጥኩ። ከሥሩ ስለ ብረት ክኒን ተጽፏል፦ ሰገራ ሊያጠቁር ይችላል፣ ጉዳት የለውም፣ አያቋርጡት። አንዲት ነርስ ስጽፍ አይታ አጠገቤ ቆመች።

«ተማሪ ነህ?»

«አይ፣ እንዲሁ ለማወቅ ነው።»

ደስ አላት። «እንግዲያው ለእህቶችህ ንገርልኝ። ሰገራቸው ሲጠቁር ይደነግጡና ክኒኑን ይጥሉታል። ደም የሚሠራላቸው እኮ እሱ ነው! ደሟ ያነሰ ሴት ስትወልድ ብዙ ከፈሰሳት በምን ትችለዋለች?»

ሰማሁ። ገባኝ። ሴቶቹ የሚፈሩት ምን እንደሆነም ያወቅሁት ከእሷ ነው። ወደ ቤት ስመለስ ታክሲ ውስጥ ሁለት መስመር መጣልኝ፦

ሆድ የሚያጠቁረውን ክኒን ለሐኪም ተዪው፣
ደም ያለው ማንኪያው ላይ ነው፣ ቅመሺና እዪው።

ቤት ስለመታልኝ ብቻዬን ፈገግ አልኩ። ምን ዓይነት ሰው ነው በዚህ ፈገግ የሚለው? እኔ ነኝ። ነርሷ ያስጠነቀቀችኝን ፍርሃት ወስጄ ስኳር ቀባሁት።

ዘቢባ በር ለበር ጎረቤታችን ናት። ባሏ ነስረዲን ከኮንዶሚኒየማችን ምድር ቤት ሱቅ አለው። የመጀመሪያ ልጃቸውን አርግዛ ነበር። አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ደረጃው ላይ አገኘችኝ፤ የበላቸውን ዱቄት በፌስታል ይዛለች።

«አንተ! ታክሲ ተራ ስትጮህ ሰማሁህ። ጎረቤቴ ነው ብዬ ለሴቶቹ ሁሉ ጉራዬን ነፋሁ።» ሳቀች። «ያን የጤና ጣቢያ ክኒን ተውኩት። ወላሂ እውነትህን ነው፣ ሆዴን ከሰል አድርጎት ነበር።»

አንድ ዓረፍተ ነገር ብቻ ነበር የሚያስፈልገው። «ተይ፣ ክኒንሽን ውሰጂ» ማለት። ምን አልኩ? «የትኛው መስመር ደስ አለሽ?» አልኳት።

ዘቢባ ስትወልድ ደም ፈሰሳት። ሐኪሙ ለነስረዲን ደሟ ድሮውንም አንሶ እንደቆየ ነገረው። ነስረዲን ደም የሚሰጥ ሰው ሲጠራ ቀድሜ የሮጥኩት እኔ ነኝ። በደግነት ይመስልሃል? ክንዴን የዘረጋሁት አንዳች ነገር ከላዬ እንዲወጣልኝ ነበር። ነስረዲን አንገቴን አቅፎ አለቀሰ። «ከዛሬ ጀምሮ ወንድሜ ነህ» አለኝ። እሺ አልኩ። በዒድ ሰሃን ሙሉ ምግብ ላኩልኝ። በላሁ። ጣቴን ላስኩ። በዚያው ሳምንት ድምፄ ታክሲ ተራው ላይ «ተዪው፣ ተዪው» ይል ነበር፤ በላቸውን «ቅጂውን አጥፋው» ለማለት ወር ፈጀብኝ።

ክኒኑን ብትወስድ ኖሮ አትደማም ነበር? አላውቅም፤ ሐኪም አይደለሁም። የማውቀው ምጥ የያዛት ደሟ አንሶ ሳለ መሆኑንና እንዲያንስም እኔ ማገዜን ነው። እሷም ልጇም ተርፈዋል። ግን ለወራት ሦስተኛ ፎቅ ለመድረስ በየደረጃው ቁጭ እያለች ስትተነፍስ፣ እኔ «እንዴት ዋልሽ» ብዬ ዘልያት አልፍ ነበር።

ባለፈው ሳምንት በራችንን አንኳኳች። እንደገና አርግዛለች።

«ክኒን ሰጡኝ፤ እኔ ግን ያንተን ምክር ነው የምሰማው» አለችኝ እየቀለደች።

«ውሰጂው» አልኳት። «ግጥሙ ውሸት ነበር። ዱቄቱ በሶ ነው። ሰገራ ቢጠቁርም ምንም አይልሽም። ዛሬውኑ ጀምሪ።»

ሳቋ ቆመ። «ታዲያ ያኔ ለምን አልነገርከኝም?»

«አላወቅኩም ነበር።»

ትከሻዬን መታ መታ አደረገችኝ። «ካላወቅክ ምን ታደርግ? አይዞህ።» ውሃ አስቀድታኝ እዚያው በራችን ላይ አንዷን ክኒን ዋጠች።

እሷ አጽናናችኝ፣ እኔም ተጽናናሁ። ከሁሉ የሚያስጠላኝ ይሄ ነው። ግጥሙን ስጽፍ ዋሸሁ፤ በራችን ላይ ቆሜ ደግሜ ዋሸሁ። ይቅርታ አልጠይቅም፤ ብጠይቃት ወዲያው እንደምትሰጠኝ አውቃለሁ፣ ያንንም እንደ ዒዱ ምግብ እበላዋለሁ። ይህን ወረቀት ነገ በእጇ እሰጣታለሁ፤ አንብባ የፈለገችውን ታድርገኝ።

ዘቢባ፣ አውቅ ነበር።