የካሰች ወንበር

ካሰች በገዛ ጆሮዋ ተማርራለች። መምህሩ ስለ ማስተማር ዘዴ ሲናገሩ የመጀመሪያውን ዓረፍተ ነገር ትሰማለች፤ ሁለተኛውን ትጀምረዋለች። ከኋላዋ አንዱ እግሩን ካንቀሳቀሰ ወይም ደብተሩን ከገለጠ ግን አለቀ፤ አንገቷ ዞረ። ፊቷን ስትመልስ መምህሩ ሌላ ርዕስ ውስጥ ገብተዋል። ሌላው ሰልጣኝ እኮ ያንኑ ኮቴ ይሰማል፤ ምን ሆነ? ምንም። እሷን ብቻ ነው እንዲህ የሚያደርጋት።

ጊዜው የደርግ ነው። ካሰች ከቴፒ መጥታ ሚዛን ተፈሪ አቅራቢያ ባለ የመምህራን ማሰልጠኛ ትማራለች። የአጋማሹን ፈተና ወድቃለች፤ የዓመቱን መጨረሻም ከወደቀች ትባረራለች። ከተባረረች ደግሞ የምትገባበት ቤት አንድ ብቻ ነው፤ የአጎቷ የአቶ ታፈሰ። እናቷን ወባ ከወሰደባት በኋላ ያሳደጓት እሳቸው ናቸው፤ ያ ማሳደግ ከተባለ። ከቡና ማሳቸው ጥግ ባለው በቆሎ መሃል ማማ ሠርተው፣ ወንጭፍ አስይዘው ሰቀሏት። ጦጣ በግራ ይመጣል፣ ከርከሮ በቀኝ። አንዱን ስትመለከት በሌላው በኩል ከተበላ፣ አጎቷ ድምፃቸውን አጥፍተው ከኋላዋ ይወጡና አርጩሜውን ጀርባዋ ላይ ያሳርፉታል። እውነቱን ለመናገር ከጦጣው ይልቅ የምትጠብቀው እሳቸውን ነበር። ከትምህርት ቤት የተረፈው ልጅነቷ ሁሉ እዚያ ማማ ላይ አለቀ።

መምህር በላይነህ ክፉ ሰው አልነበሩም። ክፉ ቢሆኑ ይሻል ነበር፤ ቢያንስ ላግዝሽ አይሏትም ነበር። "ልብሽ የሚበታተነው ከሰሌዳው ስለራቅሽ ነው" ብለው ከመሃል አነሷትና የመጀመሪያው ወንበር ላይ አስቀመጧት። ክፍሉ በሙሉ ከኋላዋ ሆነ። አንገቷ እረፍት አጣ።

"አፍንጫዬ ሥር ተቀምጠሽ እንኳ?" አሉ መምህሩ። እሳቸውም መሯቸዋል።

ቅዳሜ መምህር በላይነህ ባሉበት የሂስና ግለ ሂስ ስብሰባ ነበር፤ ሰልጣኞች አንዱ የሌላውን ጉድለት የሚያወጣበት፣ ባለጉድለቱም ቆሞ ጥፋቱን የሚያምንበት። የክፍሉ ተጠሪ ጴጥሮስ የያዘውን ወረቀት ሳያይ፣ "ጓድ ካሰች ትምህርት ትንቃለች፤ ግለ ሂስ ታድርግ" አለ።

ካሰች ተነሳች። ስትነሳ እንኳ ዞራ ከኋላዋ ማን እንዳለ አየች። ክፍሉ ሳቀ። ያኔ ትዕግሥቷ ተሟጠጠ።

"አላደርግም" አለች። "ምን አጥፍቼ? ስማር የኖርኩት መዞር ነው። ያልዞርኩ ቀን ጀርባዬ ይገረፋል። እናንተ ደግሞ ክፍል ሙሉ ሰው ከኋላዬ ደርድራችሁ አትዙሪ ትሉኛላችሁ። መምህር፣ መጨረሻ ያስቀምጡኝ፤ ግድግዳው ጋ። እዚያ ሆኜ ከወደቅሁ ማንም ሳያባርረኝ ጓዜን ጠቅልዬ እሄዳለሁ።"

"የሰነፍ ቦታ እኮ ነው" አሉ መምህሩ ግራ ገብቷቸው።

"ይሁን የሰነፍ።"

ሰኞ ጀርባዋን ከግድግዳው አስጠግታ ተቀመጠች። ኮቴው አልቀረም፣ የደብተሩ ኮሽታም አልቀረም፤ ሁሉም ግን ከፊቷ ነበር። ቃኘት ታደርገውና ወደ ሰሌዳው ትመለሳለች። ትምህርቱን ከዳር እስከ ዳር ሰማችው። ደስ ሊላት ሲገባ ተናደደች። ይኼ ነው? ለአንድ ግድግዳ ነው ያን ሁሉ ጊዜ ደደብ ነኝ ስል የኖርኩት?

ፈተናውን አለፈች። ውጤቷ የሚወራለት አይደለም፤ ግን አለፈች፣ መምህርት ሆናም ጌጫ ከተማ ተመደበች። በቆሎው ሲደርስ አጎቷ ከቴፒ ጌጫ በሚመላለሰው ነጋዴ በሸምሱ በኩል ላኩባት፦ "ጦጣው ጨረሰኝ። ክረምቱን እንኳ መጥታ ትጠብቅልኝ።"

ካሰች የቤቷ ግድግዳ ላይ እንደተደገፈች ሰማችው።

"ጋሽ ሸምሱ፣ ራሳቸው ማማው ላይ ይውጡ ይበሉልኝ" አለች። "ከወጡ በኋላ ደግሞ ወደ አንድ በኩል ብቻ እያዩ እንዳይቀመጡ። ከኋላ ማን እንደሚመጣ አይታወቅም።"