ባለቤቴ የተዋቸው ሁለት ጊታሮች

ባለቤቴ በሠርግ ቤት ኤሌክትሪክ ጊታር ይጫወት ነበር። ሲሞት ሁለት ጊታር ትቶ ሄደ። አንዱ ከደብረ ታቦር እስከ አንበሳሜ፣ እስከ ጉና ሥር በየዳሱ ያንከራተተው አሮጌው ነው። ሁለተኛው ከማረፉ በፊት በነበረው ዓመት ከአዲስ አበባ ያስመጣው ነው። ሁለቱም የአንድ ፋብሪካ ሥራ ናቸው፤ አዲሱ አሮጌውን የተካ ሞዴል ነው። ለምን እንዳስመጣው ስጠይቀው፣ ድምፁ ይሻላል አለኝ። አመንኩት።

ከተዝካሩ በኋላ፣ ጥር ሊገባ ሲል፣ አብሮት ኪቦርድ ይጫወት የነበረው ጓደኛው መጣ። የሠርግ ወቅት ደርሶ የባንዱ ልጆች ጊታር አጥተዋል። ከሁለቱ አንዱን እንድሰጣቸው፣ የትኛው እንደሚሆን ግን እኔው እንድመርጥ ለመነኝ። ዘመዶቼ አሮጌውን ስጪ ይሉኛል። እኔ ደግሞ የእጁ ወዝ ያለበትን አሮጌውን ማስቀረት ነበር የፈለግሁት።

መጀመሪያ ሁለቱንም ልስማቸው አልኩት። ወደ በሩ አየ። ሙት ዓመቱ ሳይወጣ በሐዘን ቤት ዘፈን አይሰማም፤ የእኛ ግድግዳ ደግሞ ጎረቤትን ከምንም አይጋርድም። ቆይቶ ግን ፈገግ አለ።

«እትዬ፣ መብራት ካልሰኩበት እኮ ይሄ ጣውላ ነው። ድምፁ ከዝንብ አይበልጥም።»

በሩን ገርበብ አድርገን ተቀመጥን። ውጭው ደመና ነበር፤ ብርዱ ከጉና ይወርዳል። እሱ ክሩን ሲመታ እኔ ጆሮዬን አስጠጋሁ። በአሮጌው አንገት ላይ ያሉት ብረቶች ባለቤቴ ጣቱን በሚያሳርፍባቸው ቦታዎች ተበልተዋል፤ እዚያ ሲደርስ ድምፁ ትንሽ ይንቀጠቀጣል። አዲሱ ጥርት ያለ ነው፤ ግን ቀጠን ይላል።

«በድምፅስ አሮጌው ይበልጣል» አለ ጓደኛው። «ሰዉም የለመደው እሱን ነው።»

«ታዲያ ምን ብሎ ለወጠው?»

ጓደኛው አሮጌውን ጭኔ ላይ አስቀመጠው። እንደ ወፍጮ መጅ ከበደኝ። አንሥቶት አዲሱን በቦታው አኖረ። አንገቱ ቀጭን ነው፤ ክሮቹም ብዙ ሳይጫኗቸው እሺ ይላሉ።

«ለደከመ እጅ ይመቻል» አለ። ወዲያው ዓይኑን ከዓይኔ አሸሸ።

ያን ጊዜ ገባኝ። አዲሱ የመጣ ሰሞን እኔ ሕመሙን አላውቅም፤ ሐኪም ቤት አብረን የሄድነው ከብዙ ወራት በኋላ ነው። እሱ ግን ትከሻው እንዳልቻለ፣ ጣቱ እንደከዳው ያውቅ ነበር። ያን ሁሉ ወር ብቻውን ፈርቷል፤ ማታ ማታ አጠገቤ ተቀምጦ፣ ስለ ድምፅ እያወራኝ።

ጓደኛው ስለ ደበቀኝ ይቅርታ ሊለኝ ሲጀምር ተው አልኩት።

«አሮጌውን ውሰድ። የጤናውን ጊዜ አገር ሁሉ ያውቀዋል። ብቻውን የተሸከመውን ሕመም ግን እኔም ገና ዛሬ አወቅሁት፤ ይሄኛው እዚህ ይቅር።»

ከሐዘን ቤት ጊታር ሲወጣ ሰው እንዳያይበት በጋቢው ሸፍኖት፣ ሕፃን እንዳቀፈ ሰው ቀስ ብሎ በጓሮ በኩል ሄደ። እኔም አዲሱን ከጭኔ አነሣሁት። በእርግጥም አይከብድም።