ውሃ ቀጠነ

ሚስቴን መሥሪያ ቤቷ ውስጥ «ውሃ ቀጠነ» ነው የሚሏት። ስሙን ያወጣላት አለቃዋ ነው። ሰውዬውን አንድ ቀን ባገኘው አቅፌ እስመው ነበር፤ እንዲህ ልክክ የሚል ስም እኔ ባሏ እንኳ አላገኘሁላትም።

ሥራዋ ሽሪምፕ የሚባለውን፣ በኩሬ የሚረባ ትንሽ የውሃ እንስሳ፣ ከበሽታ መመርመር ነው። ከየኩሬው የመጣውን ሽሪምፕ ፈጭታ፣ ጭማቂውን በትንንሽ ብልቃጥ አድርጋ ማሽን ውስጥ ታስገባለች። ማሽኑ እያሞቀ እያቀዘቀዘ፣ ዓይን የማያየውን የቫይረስ ዘረ መል አንዱን ሁለት፣ ሁለቱን አራት ያደርገዋል። ቫይረሱ ካለ ስክሪኑ ላይ ኮረብታ ብድግ ይላል፤ ከሌለ መስመሩ ተኝቶ ይቀራል። ታዲያ በአንዱ ብልቃጥ ሁልጊዜ ንጹሕ ውሃ ብቻ ታስገባለች። ውሃው ኮረብታ ካወጣ ከውጭ የገባ ነገር አለ ማለት ነውና፣ የሁሉንም ውጤት ደፍታ ከሀ ትጀምራለች። ስሟም የመጣው ከዚህ ነው።

እኔ ሽሪምፕ አርቢ ነኝ። ጎህ ሲቀድ ጉሙ ኩሬዎቼ ላይ ይተኛል፤ ውሃው የት አብቅቶ ሰማዩ የት እንደሚጀምር አይታወቅም። ባትሪ ሳበራ የሽሪምፖቹ ዓይን ከሥር እንደ ፍም ቦግ ይላል። እዚያ ቆሜ ራሴን እረሳለሁ። ሚስቴ «አንተ የተጋባኸው ከነሱ ጋር ነው» ትለኛለች፤ አልተሳሳተችም።

አንድ ጠዋት ዳር ዳሩን የሚንሳፈፉ አየሁ። ጤነኛ ሽሪምፕ ኮቴ ሲሰማ ወደ ታች ይሰወራል፤ እነዚህ ግን ስነካቸው እንኳ አልሸሹም። ፈራሁ። ጥቂቶቹን በፌስታል ይዤ ስሮጥ ሚስቴ ወደ ሥራ ልትወጣ የቤታችን በር ላይ ደረስኩባት።

«ወደ ቦዩ የሚያስወጣውን የውሃውን በር እንዳትከፍት» አለችኝ ፌስታሉን ተቀብላ። «ቦዩ የጎረቤቱ ሁሉ ነው። ቫይረሱ ከሆነ የነሱንም ሽሪምፕ ሁሉ ነው የምንጨርሰው።»

«ካልሆነስ?»

«ካልሆነ ትከፍታለህ። ከሆነ ግን ታውቀዋለህ፤ ኩሬህ ውስጥ ክሎሪን ይጨመራል። አንድም ነፍስ አይተርፍም።»

ነፋሱ ሻርፗን ገልጦት ነበርና አንገቷ ላይ አስተካከልኩላት።

ከሰዓት በኋላ ተመለሰች። «ኮረብታ ነው» አለች። «ግን ውሃውም ኮረብታ አወጣ።»

ልቤ ቅቤ ጠጣ። «ውሸት ነው በይኛ!»

«ውሸት አላልኩም። አላውቅም ነው ያልኩት።» ሻርፑን ፈትታ በሁለት ጣቷ አንጠልጥላ አየችው። «በጓንቴ ሳልነካው አልቀረሁም። ጠዋት በዚያ እጅህ አስተካከልክልኝ አይደል?»

ከእጄ ሄዶ ከሆነ፣ እጄ ከየት አመጣው? ይቺን ጥያቄ ሁለታችንም አልጠየቅናትም።

«ነገ እስክደግመው አትጠጋኝ» አለች። እኔ ሶፋ ላይ ተኛሁ። በሕልሜ ሽሪምፖቹ ከኩሬው ወጥተው በጉሙ ውስጥ ወደ ላይ ይዋኛሉ፤ ዓይናቸው ቦግ ቦግ ይላል፤ እኔ ከታች ሆኜ «ወዴት ናችሁ?» እላለሁ። ስነቃ ሕልሙ ያለቀ አልመሰለኝም።

በማግስቱ የላቦራቶሪው ሰው መጥቶ አዲስ ናሙና ወሰደ። እሷ ያለ ሻርፕ፣ እኔን ሳትነካ ሄደች። እኔ የውሃውን በር እጀታ ይዤ ቆምኩ። የቦዩ ውሃ ሞልቶ ይንሾካሾካል። ምናልባት ያጠራቸው አየር ብቻ ይሆናል፤ ብከፍትላቸው ነፍስ ይዘሩ ይሆናል። ደግሞ የጎረቤቴ ኩሬ ከወዲያ ማዶ በፀሐይ ያብለጨልጫል። እጀታውን ለቅቄ ከአጠገቡ ቁጭ አልኩ። ቀኑ እንዲህ ሄደ።

ሲያዘቀዝቅ በኩሬዎቹ ግድብ ላይ ቀስ እያለች ስትመጣ አየኋት።

«ውሃውስ?» አልኳት ገና ሳትደርስ።

«ውሃው ንጹሕ ነው» አለች።

ይህን ቃል ከአፏ ስሰማ ስንቴ ደስ ብሎኛል፤ እራታችን የሚጥመው ውሃው ንጹሕ በሆነ ቀን ነበር። አሁን ግን ኮረብታው የራሳቸው የሽሪምፖቹ ነው ማለት ነውና ዓይኔ እንባ ሞላ። የሷም እንደዚያው። እጇን ዘረጋችልኝ።

«ጭቃ ነኝ፣ ተይ» አልኳት።

«አሁንማ ምን አለበት» ብላ እጄን ያዘችው።