ባሌ ጉርድ ቀሚሴን የለበሰ ጊዜ

የመንደሬን የኮኪትን ሰው ይቅር በይ የሚለኝ ብዙ ነው። ልጆቼ ይሉኛል፤ ንስሐ አባቴ ይሉኛል፤ ማኅበር ላይ አጠገቤ የሚቀመጡት አሮጊቶች ሳይቀሩ ይሉኛል። ዘመኑ ነው፣ ደርግ ነው፣ ሁሉም ፈርቶ ነው ይላሉ። ደርግ ያደረገውንማ አውቃለሁ። በባሌ ላይ የሳቁት ግን ጎረቤቶቼ ናቸው፤ ሳቅ ደግሞ ማንም በመሣሪያ አስገድዶ የሚያስቀው ነገር አይደለም።

ባሌ የገበሬ ማኅበሩን ትራክተር ይነዳ ነበር። ሰሊጥ ሲደርስ ደግሞ ከጎጃምና ከወሎ የሚመጡትን የቀን ሠራተኞች ያሠራል። ጉልበተኛ ነው፤ ቁጡ ነው፤ ቤቱ ሲገባ ግን ቀልደኛ ነበር። አንድ ቀን ትራክተሩ ሞቆ ማሳ መሐል ቆመበት። ችኩል ነውና ሳይበርድ ሞተሩ ላይ ተንበርክኮ የራዲያተሩን ክዳን ከፈተው። የፈላው ውሃ ከእምብርቱ ጀምሮ ብሽሽቱንና ሁለት ጭኖቹን ላጣቸው።

ሸሕዲ ጤና ጣቢያ አደረስነው። ድሬሰሩ አጥቦ፣ ቅባት በተነከረ ጨርቅ ሸፋፍኖ ሲጨርስ እኔን ለብቻዬ ወደ ደጅ ጠራኝ።

«ስሚ እህቴ» አለኝ። «ይኼ ቁስል አየር ካገኘ ይድናል። እኔ ጋ እያመጣሽው ይታጠባል። ሱሪ የሚባል ነገር ግን እስኪሽር ድረስ እንዳይነካው። ሱሪ ካጠለቀ ይታሻል፣ ላብ ይጠጣል፣ ያመረቅዛል። ወደ ደም ከገባ እኔም የለሁበት።»

ከዚህ በላይ ግልጽ ንግግር የለም። ለባሌም እንዳለ ነገርኩት፤ ሰማኝም።

መጀመሪያ ያሰብነው ጀለቢያ ነው። እኛ አገር መተማ ላይ ጀለቢያ ብርቅ አይደለም፤ የሱዳን ነጋዴ ሁሉ ለብሶት ይውላል። አንዱ የምናውቀው ነጋዴ ነጭ ጀለቢያውን አውልቆ ሰጠው። ለብሶት ደጃፍ ላይ ገና እንደተቀመጠ ጎረቤታችን መጣ። ጎረቤታችን የቀበሌው አብዮት ጥበቃ አዛዥ ነበር፤ ቤታችንን ከቤቱ የሚለየው አንድ የአገዳ አጥር ነው። በዚያ ሰሞን ከድንበር ማዶ ሰርጎ ገብ ይመጣል እየተባለ ሰው ሁሉ ጥላውን ይጠራጠራል።

«ጓድ፣ ቁስልህን አውቃለሁ» አለው። «አበሻ ጀለቢያ ለብሶ ያየ ዘብ ግን ቁስል አይጠይቅም፣ ይተኩሳል። ነገ ደግሞ እኔ ነኝ ለምን ዝም አልክ የምባለው። አውልቅ።»

አስወልቆ ይዞት ሄደ። ሰንበት ብሎ ሚስቱ የትራስ ልብስ ሰፋችበት፤ በዓይኔ አይቻለሁ።

ሽርጥስ ለምን አላገለደመም የሚለኝ አይጠፋም። ሽርጥ ወገብ ላይ ይታሰራል፤ የሱ ወገብ ቆዳ የለውም። ጋቢ እንዳይባል፣ በቆላው ሙቀት ጋቢ ለጤነኛም አይሆንም፤ ለሥራም እጅ ይይዛል። የቀረችው የኔ ጉርድ ቀሚስ ነበረች። የመጨረሻ ልጃችንን ሳረግዝ የለበስኳት ናት፤ አረንጓዴ፣ ነጭ ጠብታ ያለባት፣ ሰፊ። ላስቲኳ ከጡት ሥር ከፍ ብሎ ስለሚይዝ ሆዱንም ጭኑንም ሳትነካው ወደ ታች ትለቀቃለች። ሳወጣት አገላብጦ አያት፤ ከዚያ ሸሚዙን ከላይ ደርቦ አጠለቃት።

«የቸገረው እርጉዝ ያገባል ሲሉ እሰማ ነበር» አለኝ። «የቸገረው እርጉዝ ይሆናል ያለኝ ግን የለም።»

እስኪያመን ሳቅን። ቤት ውስጥ ነበርንና ሳቁ የኛ ነበር።

ደጅ ሲወጣ ሌላ ሆነ። መጀመሪያ ያዩት ውሃ የሚቀዱት ሴቶች ናቸው። ወንድ ይከፋል ይላሉ፤ እኔ እንኳ የዚያን ጊዜዎቹን ሴቶች ምላስ አልረሳም። «እመጫቷ መጣች!» አለች አንዷ። «ምን ተገላገለች?» አለች ሌላይቱ። ከዚያን ቀን ወዲያ የባሌ ስም እመጫቷ ሆነ። ሲያልፍ ገንፎ በላሽ ወይ ይሉታል። ተቃጥሎ መሆኑን የማያውቅ አልነበረም። ያልቻሉት መቃጠሉን ሳይሆን ቀሚሱን ነው። ቤቱ ተደብቆ ቢማቅቅ ምስኪን ይሉት ነበር፤ ለብሶ መንገድ ላይ መሄዱ ነው ያበሳጫቸው።

ቤተ ክርስቲያን ሄደ። ወንዶች በሚቆሙበት በኩል ሊቆም ሲል ሰዎቹ አንድ በአንድ ራቁት። ቄሱ ራሳቸው ወደ እሱ መጡ።

«ልጄ፣ ወንድ የሴት ልብስ አይለብስም፤ መጽሐፍ ይከለክላል» አሉት።

«አባ፣ ቁስለኛ ነኝ። ሐኪም ነው ያለኝ።»

«እንግዲያ እስክትድን ቤትህ ሁነህ ጸልይ።»

እኔ በሴቶቹ በኩል ሆኜ እሰማለሁ። አፌ ላይ የመጣውን ብናገር ኖሮ የዚያን ዕለት ከቤተ ክርስቲያን የምባረረው እኔ ነበርኩ። ባሌ ግን መስቀል ተሳልሞ ወጣ። ከደጀ ሰላሙ ውጭ ፀሐይ ላይ ቆሞ እስኪፈጸም ጠበቀ።

ማሳው ደግሞ ባሰ። ሰሊጥ ቀን አይሰጥም፤ ፍሬው ከደረሰ በኋላ ካልታጨደ እየፈነዳ መሬት ላይ ይረግፋል። ባሌ መሥራት ባይችል ለማዘዝ እንኳ ብሎ ሄደ። ነዶው ተሰብስቦ የሚቆምበትን ክምር እኛ ሂላ እንለዋለን፤ እሱ ሂላው ጥግ ቆሞ ይህን እዚህ፣ ያን እዚያ ሲል ሠራተኞቹ እንዳልሰሙ ይሆናሉ። ከመካከላቸው አንድ የጎጃም ልጅ፣ ድምፁ የሚያምር፣ እያጨደ አወረደው፦

ሰሊጡ ደረሰ አጫጁን ጠበቀ፣
አለቃችን ግና ቀሚስ አጠለቀ።

ማሳው በሙሉ ተቀበለው። እየሳቁ ያጭዳሉ፣ እያጨዱ ይስቃሉ። ለባሌ ምሳ ይዤ ሄጄ ነበርና ፊቱን አየሁት። ጤና ጣቢያ ቁስሉ ሲታጠብ እንኳ እንዲህ ሲሆን አላየሁትም። ቢሆንም በማግስቱ ያችኑ ቀሚስ ለብሶ ወጣ። እንዲህ ያለ ወንድ ነበር ያገባሁት፤ እስከ ዛሬ እኮራበታለሁ።

ቁስሉ ደግሞ እየዳነ ነበር። ይህን ሰው እንዲያውቅልኝ እፈልጋለሁ። ዳር ዳሩ ደርቆ ሮዝ ቆዳ አውጥቷል፤ የቀረው መሐሉ፣ ብሽሽቱ አካባቢ ያለው ብቻ ነው። ድሬሰሩ ባለፈው ስንሄድ ደስ ብሎት «በርቱ፣ ትንሽ ነው የቀራችሁ» ብሎናል። ትንሽ ነበር የቀረን።

ለእጥበት ወደ ሸሕዲ የምንሄድበት ቀን ደረሰና ጭነት መኪና ላይ ተሳፈርን። ከኮኪት ወጣ እንዳልን ኬላው ላይ አስቆሙን። ዘቦቹ አዲስ ናቸው፤ አያውቁንም። በዚያ ሰሞን ብሔራዊ ውትድርና የሚፈልጋቸው ልጆች ቀሚስ ለብሰው ኬላ ያልፋሉ የሚል ወሬ ይናፈስ ነበር። አንዱ ዘብ ባሌን አየና ዓይኑ በራ።

«አንተ! ውረድ! ሴት መስለህ ልታመልጥ ነው?»

«ኧረ ጢሙን እየው!» አልኩት እኔ። «ሴት ሊመስል የፈለገ ሰው ጢሙን አይላጭም?»

«አንች ዝም በይ! አንተ፣ ግለጥ!»

«ቁስለኛ ነኝ ወንድሜ። ጤና ጣቢያ እየሄድኩ ነው» አለ ባሌ፤ ድምፁን ዝቅ አድርጎ ነው የሚለምነው።

«ግለጥ አልኩህ!»

መሐላቸው ገባሁ። በሰደፍ ገፍቶ ጣለኝ። ከመሬት ሳልነሳ፣ በጠመንጃው አፈሙዝ ቀሚሱን እስከ ሆዱ ገለጠው። የውስጥ ሱሪ የለውም፤ በምን ችሎ ይልበስ? መኪናው ላይ ያለው ሕዝብ፣ ገበያ የሚወርደው ሰው፣ ሴቱ ወንዱ ሁሉ አየው። ዘቡ ቁስሉን ሲያይ ፊቱን አዞረ። «እለፍ» አለ፤ ይቅርታ የለ፣ ምን የለ። ይህኔ ከመኪናው ላይ አንድ የኮኪት ሰው፣ የማውቀው ሰው፣ «እመጫቷ፣ አራስ ቤትሽ ግቢ!» አለ። መኪናው በሳቅ ተናጋ።

ባሌ ተመልሶ አልተሳፈረም። ፊቱን ወደ ኮኪት አዙሮ በእግሩ ሄደ። እየተከተልኩ ለመንኩት፣ ጮህኩበት፣ እጁን ጎተትኩት፤ አስለቅቆኝ መንገዱን ቀጠለ።

ቤት ስንደርስ «ሱሪዬን አምጪ» አለኝ።

«የለም።»

«የት ሄደ?»

«ደብቄዋለሁ። እስክትድን አታገኘውም።» እውነቴን ነው፤ ጎታው ውስጥ ማሽላው ሥር ቀብሬው ነበር።

«አምጪ አልኩሽ!»

«ግደለኝ እንጂ አላመጣም! ድሬሰሩ ያለውን አልሰማህም? ለማን ብለህ ነው? ለነዚያ ለሚያላግጡብህ?»

ወደ ደጅ ወጣ። ብዙም ሳይቆይ በአገዳው አጥር በኩል ተመለሰ፤ ካኪ ሱሪ ለብሷል። ጎረቤታችን የራሱን ሰጥቶት ነው። ከኋላው ቆሞ ፈገግ እያለ «ይኸውልሽ፣ ባልሽን መለስኩልሽ» አለኝ። የሰው ፊት ላይ ለመትፋት እንደዚያን ቀን የቃጣኝ ጊዜ የለም።

ከዚያ ወዲያ ኮኪት ወደደችው። ጠላ ቤት ሲገባ ይነሱለታል፤ «እንዲህ ነው እንጂ!» ይሉታል፤ ይጋብዙታል። ያ የጎጃም ልጅ ማሳው ላይ አቤት ጌታዬ ማለት ጀመረ። ቄሱም በወንዶቹ በኩል አቆሙት። ባሌ እግሩን እያነከሰ፣ ላቡ እየወረደ፣ ከሁሉም ጋር ይስቃል። ቤት ሲገባ አልጋው ላይ ዘፍ ይልና ጥርሱን ይነክሳል። ላየው ስል እጄን ይመልሳል። መጀመሪያ ማታ ማታ ያወልቀው ነበር፤ ቆይቶ ማውለቁም ስላመመው ከነሱሪው መተኛት ጀመረ። ሽታው ከሩቅ ይሰማኝ ጀመር። ከዚያ ትኩሳቱ መጣ።

«ሸሕዲ እንሂድ» አልኩት። «ቀሚሱን ተወው፤ በሱሪህ እንሂድ።»

«እዚያ ያወልቁታል» አለኝ። ዓይኑ ቀልቷል። «ስመለስ ምን ለብሼ ልመለስ?»

«ብርድ ልብስ እጠቀልልልሃለሁ፤ እሸከምሃለሁ።»

«በዚያ ኬላ ዳግመኛ ተገልጬ አላልፍም። ተይኝ በቃ።»

አሸክሜ ልወስደው ሰው ጠራሁ። ሊሸከሙት መጡ፤ እሱ ራሱ ተቆጥቶ መለሳቸው። እነሱም «ወንድ ነው፣ ይችለዋል» ብለውኝ ሄዱ። ቻለው። ኅዳር ሳያልቅ ሞተ።

ለቅሶው ትልቅ ነበር። ማኅበሩ መጣ፤ ቀበሌው መጣ፤ የቀን ሠራተኞቹ ሳይቀሩ ማጭዳቸውን ጥለው መጡ። አልቃሿ «ወንዱ! የወንዶች ቁና!» እያለች ታወርዳለች፤ ሴቶቹ ደረታቸውን ይመታሉ። እኔ ዓይኔ ደርቆ አየኋቸው።

ወንዶቹ ሊገንዙት ገብተው በሩን ዘጉ። ጎረቤታችንም አብሮ ገባ። ጥቂት ቆይቶ በሩ ተከፈተና እሱ ወጣ፤ ፊቱ አመድ መስሏል፤ በነጠላው ጫፍ አፍንጫውን ይዟል።

«እታለም፣ መቀስ አለሽ?» አለኝ።

«ለምን?»

«ሱሪው...» አለና ወደ በሩ ዞር አለ። «ሥጋው ላይ ተጣብቋል። አልወልቅ አለን።»

መቀስ ነበረኝ። ለቅሶተኛው ሁሉ እየሰማ፣ ሳልነሳ፣ «የራስህ ሱሪ አይደለም ወይ? አንተው አውልቀው» አልኩት። ጎረቤታችን ዓይኔን ሊያይ ሞክሮ አልቻለም፤ ተመልሶ ገባ።

ከነሱሪው ገነዙት።